ለታናሽ እንስሳ ማዘን ነውር ነውን?

መግቢያ



ከደሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው አስፋልት ሐርቡን አቋርጦ ወደ ከሚሴ ያልፋል። ከባድ የጭነት መኪና ቀንም ሌሊትም ይመላለስበታል። በዚህ መንገድ ዳር የሚያድግ ልጅ ዶሮ ወይም ቡችላ ጎማ ሥር ሲገባ ሳያይ አይቀርም። አደጋው ግን የመኪና ብቻ አይደለም። ጫጩት ሳፋ ውኃ ውስጥ ትወድቃለች፤ በጨለማ ሰው ይረግጣታል፤ ነፋስ የገፋው መዝጊያ ይጨፈልቃታል። የድመት ግልገል ሙቀት ፈልጋ ምድጃ ውስጥ ትተኛለች፤ እሳት የሚያነደው ሰው ግን አያያትም። ትልቋ ድመትም መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ትሞታለች።

እንዲህ ያለው ነገር በደረሰ ጊዜ በቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕፃኑ ያለቅሳል። ታላላቆቹ ይስቁበታል። እናት ሥራ በዝቶባት «በቃ ዝም በል፤ ሌላ ትገዛለች» ትላለች። በድኗ ከአጥር ውጭ ይወረወራል። እራት ተበልቶ ሁሉም ይረሳል፤ ልጁ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጫጩቷን በድንገት የገደላት ወንድሙ ወይም እኅቱ እንደ ሆኑ ደግሞ በዚያ ሌሊት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩት ሁለት ልጆች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ይመረምራል። አንደኛ፥ ለታናሽ እንስሳ የሚታዘነው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፥ እንስሳዋ የሞተችው በአደጋ፥ ይልቁንም በቤተ ሰብ እጅ እንደ ሆነ፥ አደጋን ከበደል እንዴት እንለያለን? ሦስተኛ፥ ያዘነውን ልጅ በምን ቃልና በምን ሥራ እናጽናናው?

ሀ. ኀዘኑ ከየት ይመጣል?

አንዳንድ ሰዎች ጫጩት በገበያ ዋጋዋ ጥቂት ስለ ሆነ ኀዘኑም ጥቂት ሊሆን ይገባል ይላሉ። ኀዘን ግን በገበያ ሚዛን አይመዘንም። ኀዘን የሚመዘነው በተቋረጠው ዝምድና ነው።

ትንሽ ልጅ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በታች ነው። አባት ያዘዋል፤ እናት ታዘዋለች፤ ታላቅ ወንድሙና ታላቅ እኅቱም ያዙታል። ሁሉ ይጠብቀዋል፥ ሁሉ ይቆጣዋል። አንዲት ጫጩት ወይም አንድ ቡችላ «የአንተ ነው» ተብሎ ሲሰጠው ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እርሱ ራሱ ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ፍርፋሪ ያቀብላል፤ ውኃ ያጠጣል፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኾ ያባርራል፤ ማታ እንቅብ መደፋቱን ያረጋግጣል። ስም ያወጣላታል፤ በስሟም ሲጠራት ትመጣለች። እንግዲህ በሞተች ጊዜ ያጣው አንዲት ጫጩት ብቻ አይደለም፤ የጠባቂነት ሹመቱንም ጭምር ነው። «መጠበቅ አቃተኝ» የሚል አሳብ በልቡ ይገባል። ልቅሶው የሚመርረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ እናስታውስ። አንድ ድኻ ሰው ከአንዲት ታናሽ በግ በቀር ምንም አልነበረውም። ገዝቶ አሳደጋት፤ ከልጆቹ ጋር አደገች፤ ከእንጀራው ትበላ፥ ከዋንጫው ትጠጣ፥ በብብቱ ትተኛ ነበር፤ ለእርሱም እንደ ልጅ ነበረች። ባለጠጋው ብዙ መንጋ እያለው የድኻውን በግ ወስዶ ለእንግዳው አረዳት። ዳዊት ይህን ሲሰማ እጅግ ተቆጣ። የምሳሌው ዋና ትምህርት ስለ ንጉሡ ኃጢአት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ናታን ምሳሌውን ሲመርጥ ንጉሡ ስለ አንዲት በግ ይስቃል ብሎ አልፈራም። ጦር ሜዳ የዋለ ንጉሥ እንኳ በብብት የምትተኛ በግ ለባለቤቷ ምን እንደ ሆነች ወዲያው ይገባዋል ብሎ ተማመነ፤ አልተሳሳተምም።

የጥንት ታሪክን የሚያጠኑ ሊቃውንትም ከመሬት ቆፍረው ያወጡት ይህንኑ ይመሰክራል። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ፥ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 አንድ መቃብር ተገኘ። ዕድሜው 14,000 ዓመት ያህል ነው። በውስጡ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፥ ከእነርሱም ጋር አንድ ቡችላ ተቀብረው ነበር። ጥርሱ ሲመረመር ቡችላው በሕይወት ሳለ ለሳምንታት በብርቱ ታሞ እንደ ነበር ታወቀ። የታመመ ቡችላ አያድንም፥ ቤትም አይጠብቅም፤ ሆኖም የሚያስታምመው ሰው ነበረው። በቆጵሮስ ደሴትም ከ9,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው በአጠገቡ አንዲት ድመት ተቀብራ ተገኝታለች፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2004 ለዓለም ተነገረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ደግሞ፥ በግብፅ አገር ድመት የሞተችበት ቤተ ሰብ ሁሉ ቅንድቡን ይላጭ እንደ ነበር ጽፎአል።

ወደ አገራችንም ስንመለስ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ እንደ ነበረቻቸው በጊዜው የነበረ ሰው ሁሉ ያውቃል። በሞተች ጊዜ በአዲስ አበባ፥ በ1948 ዓ.ም. በተሠራው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀብራ፥ በመቃብሯ ላይ ድንጋይ ተተክሎላታል። እንግዲህ ድኻው ገበሬም ንጉሠ ነገሥቱም በዚህ ነገር ልባቸው አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ የሚያስቀርጸው ድንጋይ ያለው መሆኑ ብቻ ነው።

ለ. «ሰው በሚሞትበት አገር ለጫጩት ይለቀሳልን?»

ይህ ጥያቄ በንቀት ብቻ የሚነሣ አይደለም። ወሎ በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን የረኃብ ዘመን ያዩ አባቶችና እናቶች በመካከላችን አሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜም ብዙ ሰው ቤቱን ዘግቶ፥ ልጁን አዝሎ ወጥቶአል። ዘመዱን ቀብሮ የመጣ ሽማግሌ ልጅ ስለ ጫጩት ሲያነባ አይቶ «ይህስ ምኑ ነው!» ቢል አንፈርድበትም። የእርሱ ኀዘን ታላቅ ነው።

ነገር ግን ኀዘን ከአንድ ማሰሮ የሚቀዳ አይደለም፤ ለጫጩቷ የፈሰሰው ዕንባ ለሰው ከሚፈስሰው አይቀነስም። ይልቁንም ነገሩ ተቃራኒ ነው። ልጅ በትንሿ ነገር ማዘንን ካልተማረ በታላቋ ጊዜ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። ሕፃናትን ከልቅሶ ቤት ማራቅ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ልጅ በዓይኑ ያየው የመጀመሪያው ሞት የእንስሳ ሞት ነው። በዚያን ቀን ቤተ ሰቡ የሚሰጠው ትምህርት ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ቢሳቅበት «ኀዘን ይደበቃል» ብሎ ይማራል፤ ቢቀመጡለት ደግሞ «ያዘነ ሰው ብቻውን አይተውም» ብሎ ይማራል።

ቋንቋችንንም እንመልከት። በሬ ለሞተበት ገበሬ «እግዜር ይተካልህ» እንላለን። ሰው ለሞተበት «እግዚአብሔር ያጽናህ» እንላለን። ሁለቱም በስፍራቸው መልካም ናቸው። ድመቷ ለሞተችበት ልጅ ግን የትኛውን እንበል? «ይተካልህ» ብንለው ለገንዘብ የሚባለውን ቃል ለወዳጅ አዋልነው፤ «ያጽናህ» ብንለው ደግሞ የሰውን ማዕርግ ለእንስሳ የሰጠን ይመስለናል። በመካከል ቃል ስላጣን እንስቃለን፤ ሳቃችን ክፋት ሳይሆን የቃል ማጣት ነው።

ሆኖም ወሎ ቃል አጥቶ አያውቅም። «አብሽር»፥ «አብሽሪ» እንላለን። ከዐረብኛ የመጣ፥ መሠረቱም «መልካም ዜና ይድረስህ» እንደ ማለት የሆነ ቃል ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ክርስቲያኑም እስላሙም «አይዞህ» ሲል የሚናገረው ነው። እግሩ ለተሰናከለ፥ በፈተና ለወደቀ፥ መንገድ ለደከመው ሁሉ ይባላል። ለታላቅ ኀዘን አያንስም፤ ለትንሽ ኀዘንም አይበዛም። የጫጩት ባለቤት የሆነውን ልጅ «አብሽር፥ ልጄ» ብሎ ከአጠገቡ መቀመጥ ምን ይከብዳል?

እስላም ጎረቤቶቻችን በዚህ ነገር የሚያውቁት አንድ ደግ ታሪክ አለ። በሐዲስ መጻሕፍት እንደሚገኘው፥ አቡ ኡመይር የሚባል አንድ ሕፃን ነበር፤ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ወፏ ሞተችበትና አዘነ። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ ቤተ ሰቡ በመጡ ጊዜ ልጁን አዝኖ አዩት፤ ምን እንደ ሆነም ተነገራቸው። እርሳቸውም የልጁን ስምና የወፏን ስም በሚያገጥም አነጋገር፥ ወፏ ምን እንደ ሆነች ልጁን ራሱን ጠየቁት። ነገሩን ስናስተውለው፥ ወፏን የሚመልስ ተአምር አልተደረገም፥ ረጅም ስብከትም አልተሰበከም። አንድ ትልቅ ሰው ትንሹን ልጅ በስሙ ጠርቶ ስለ ወፉ ጠየቀው፤ በቃ። ታሪኩ ግን ከሺህ ዓመታት በላይ ሳይረሳ ኖሮአል።

በዘመናችንም ኬኔት ዶካ የሚባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ኅብረተሰብ የማይቀበለው ኀዘን ከሌላው ኀዘን ይልቅ እንደሚከብድ አስረድተዋል። ልቅሶ የሚደርስ የለም፤ እድር አይጠራም፤ ፈቃድ አይሰጥም። ስለዚህ ያዘነው ሰው ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ አንዱ ኀዘኑ ነው፥ ሁለተኛው ስለ ማዘኑ የሚሰማው እፍረት ነው። የመጀመሪያውን ሸክም ልናነሣለት አንችልም። ሁለተኛውን ግን ያሸከምነው እኛ ነንና እኛው ልናነሣለት እንችላለን።

ሐ. አደጋና በደል

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደርሰናል። እንስሳ በእርጅና ወይም በበሽታ ስትሞት ኀዘን ብቻ ይመጣል። በአደጋ ስትሞት ግን ከኀዘን ጋር «ማን ገደላት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። የ6 ዓመት ልጅ ጫጩት አላት። የ12 ዓመት ወንድሟ እናቱ ጠርታው ሲሮጥ ይወጣና መዝጊያውን ይስበዋል፤ ጫጩቷ በመድረኩ ላይ ነበረች። እኅት ትጮኻለች፤ «ገደልሃት!» ትላለች። ወንድም በመጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «እኔ ምን ላድርግ! ራስዋ ናት የገባችው» ይላል፤ በመጨረሻም ወደ ጓሮ ሄዶ ይቀራል። ወላጆች ሳቁን አይተው ጨካኝ ነው ይሉታል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሳቅ ብዙ ጊዜ የድንጋጤ ነው። ከሁለቱ ልጆች ይልቅ የሚያሳስበውም እርሱ ነው፤ እርሷ ልቅሶ አላት፥ እርሱ ግን የሚያለቅስበት መብት እንኳ የለውም።

በዚህ ጊዜ የሚረዳን የጥንቱ ሕግ ነው። ኦሪት ሦስት ነገሮችን ለይታ ታሳየናለች።

አንደኛው የመጥረቢያው ብረት ነው። በዘዳግም ምዕራፍ 19 እንደ ተጻፈ፥ አንድ ሰው እንጨት ሊቈርጥ ከባልንጀራው ጋር ወደ ዱር ይሄዳል፤ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ይገድለዋል። ጠላትነት አልነበረውም፤ ሊገድልም አላሰበም። ለዚህ ሰው ሕጉ የሚሸሽበት ከተማ አዘጋጀለት። ሞቱ በሰው ላይ የደረሰ ታላቅ ነገር ሆኖ ሳለ እንኳ ሕጉ አድራጊውን ነፍሰ ገዳይ አላለውም። ለሰው ሞት እንዲህ ከሆነ፥ መዝጊያ ለሳበ ልጅ እንዴት መሸሸጊያ ይነፈገዋል?

ሁለተኛው ያልተከደነው ጕድጓድ ነው። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ጕድጓድ ቈፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት ይከፍላል። ይህም ሰው ሊገድል አላሰበም፤ ሊያደርገው የሚገባውን ግን አላደረገም። ጫጩቶች ባሉበት ቤት የአይጥ መርዝ በየማዕዘኑ መበተን፥ ቡችላን በአስፋልት ዳር ለቅቆ ማሳደግ፥ ምድጃን ሳያዩ እሳት ማንደድ ከዚህ ወገን ነው። መድኃኒቱ ስድብ አይደለም፤ ጕድጓዱን መክደን ነው።

ሦስተኛው ክፋት ነው። ውሻን ለጨዋታ በድንጋይ መምታት፥ በድመት ጅራት ላይ ቆርቆሮ ማሰር የመሳሰለው ነው። ይህ አደጋ ስላልሆነ ተግሣጽ ያስፈልገዋል።

የብዙ ቤት ጥፋት እነዚህን ሦስቱን መቀላቀል ነው። ብረቱ የወለቀበትን ልጅ እንደ ክፉ እንገርፈዋለን፤ ጕድጓዱን ያልከደነውን አባወራ «ዕድል ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ውሻ የሚወግረውን ልጅ ደግሞ «ልጅ አይደል!» ብለን እንስቅለታለን። እንዲህ ስናደርግ ልጆች የሚማሩት ቅጣት የሚመጣው በጩኸቱ ብዛት እንጂ በሥራው ክፋት አለመሆኑን ነው።

ስለ መኪና ነጂዎችም አንድ ቃል እንበል። ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ፍሬን ስለ ተያዘ ብቻ ባንድ ጊዜ አይቆምም። ለቡችላ ብሎ በድንገት መሪ የጠመዘዘ ሹፌር በመንገድ ዳር ያሉትን ሰዎች ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ያለፈውን ሹፌር ሁሉ ጨካኝ ነው ብሎ ለልጅ መንገር እውነት አይደለም፤ በልጁም ልብ ከኀዘን በላይ ቂም ይተክላል።

አደጋ የደረሰበት ሰው አእምሮ ወደ ኋላ መሄድ ይወድዳል። «ባልጠራው ኖሮ»፥ «ቀስ ብዬ ብዘጋው ኖሮ»፥ «ዛሬ ባላወጣት ኖሮ» ይላል። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳሉት፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ ሁሉም ግልጽ ይመስላል። ልጁ ግን መዝጊያውን በሳበ ጊዜ ዛሬ የሚያውቀውን አያውቅም ነበር። ይህን ቀስ ብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ «ስትስበው እዚያ መሆኗን ታውቅ ነበርን?» ብሎ መጠየቅ። «አላውቅም ነበር» ካለ፥ «እንግዲያው ይህ አደጋ እንጂ በደል አይደለም፤ ብታዝን ግን ደግ ነው» ማለት። ቃሉ አጭር ነው፤ ላንድ ልጅ ግን የሚሸሽበት ከተማ ይሆንለታል።

እኅቲቱስ? እርሷን «በይ ታረቂ፤ ሳሚው» ብሎ ወዲያው ማስገደድ አይገባም። ቍጣዋ የኀዘኗ አንድ ክፍል ስለ ሆነ ጊዜ ይፈልጋል። ወንድሟ «አላየኋትም ነበር፤ አዝናለሁ» ቢላት፥ ባልበደለው በደል ራሱን መክሰሱ አይደለም፤ ኀዘኗን መካፈሉ ነው። መቃብሩን ቢቈፍርላት ደግሞ ከብዙ ቃል ይበልጣል።

መ. ለሕፃናት እውነቱን ስለ መናገር

ብዙ ወላጆች ልጁ እንዳያዝን ብለው «ድመቷ ወደ ገጠር ሄዳለች» ወይም «ተኝታለች» ይላሉ። አሳባቸው ደግ ነው፤ ውጤቱ ግን ደግ አይደለም።

ማሪያ ናጅ የተባሉ ሊቅ በሃንጋሪ አገር ሕፃናት ሞትን እንዴት እንደሚረዱ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተሙ። እንደ እርሳቸው ጥናት፥ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ሞትን እንደ መሄድ ወይም እንደ መተኛት ይቈጥረዋል፤ ይመለሳል ብሎም ይጠብቃል። ከ5 እስከ 9 ዓመት ያለው ሞትን ሊያመልጡት እንደሚቻል አንድ አካል ያደርገዋል። ከ9 ዓመት ወዲያ ነው ሞት ለፍጥረት ሁሉ የማይቀርና የማይመለስ መሆኑን የሚረዳው። ልጅ ሁሉ በዚያው ዕድሜ ላይ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ምን ማለት እንዳለብን ያስተምረናል።

ለ4 ዓመት ልጅ «ድመቷ ተኝታ ቀረች» ብንለው፥ ማታ እርሱን ራሱን «ተኛ» ስንለው ይፈራል። «ሄደች» ብንለው በየቀኑ በር ላይ ይጠብቃታል፤ ይልቁንም «ሳትሰናበተኝ የሄደችው ስላልወደደችኝ ነው» ይላል። ስለዚህ አጭርና እውነተኛ ቃል ይሻላል፤ «መኪና ገጫት፤ ሞተች። የሞተ አይተነፍስም፥ አይበርደውም፥ አያመውም፥ አይመለስም።» ይህን ደጋግሞ ቢጠይቅ ደጋግመን እንመልስለት፤ መጠየቁ ለማመን እየሞከረ መሆኑን ያሳያል።

ሠ. ምን እናድርግ?

1. እንስማው። ስለ እንስሳዋ እንዲናገር እንጠይቀው፤ ስሟንም እንጥራ። አቡ ኡመይርን ያጽናናው ይህ ነው።

2. በድኗን ከአጥር ውጭ አንወርውር። ጕድጓድ ቈፍረን፥ ከምንጭና ከጕድጓድ ውኃ አርቀን፥ ጅብና ውሻ እንዳያወጣት ጠልቆ እንዲሆን አድርገን እንቅበራት። ልጁ ከፈለገ አፈር ይመልስ፤ ካልፈለገ አይገደድ። በድን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ውሻው ከመሞቱ በፊት ጠባዩ ተለውጦ፥ ለሐጩ እየተዝረበረበ ወይም ሰው እየነከሰ የነበረ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልጆች አይቅረቡት። የተነከሰ ወይም የቈሰለ ገላውን የላሰው ሰው ካለ ቍስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የውሻ እብደት በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውምና።

3. በማግሥቱ ሌላ ጫጩት አምጥተን «ይኸው ያችው ናት» አንበል። ልጁ ይለያታል። አዲሲቷ በጊዜዋ፥ በራሷ ስም ትምጣ።

4. ጕድጓዱን እንክደን። ቡችላ ከአስፋልት ርቆ ይታሰር፤ ሳፋ ውኃ ይከደን፤ የአይጥ መርዝ በሚቈለፍ ስፍራ ይቀመጥ፤ እሳት ከመነደዱ በፊት ምድጃ ይታይ፤ ጫጩቶች ሳይመሽ ይቈጠሩ፥ በእንቅብ ሥር ይግቡ። ይህን ሥራ ለልጁ ለራሱ ብንሰጠው ያጣውን የጠባቂነት ሹመት መልሰን ሰጠነው ማለት ነው።

5. ኀዘኑ ከልክ በላይ የሆነ ቢመስለን እናስተውል። ወር አልፎ ምግብ የሚተው፥ ትምህርት የሚጠላ፥ ሌሊት የሚባንን ልጅ ስለ ጫጩቷ ብቻ ላያለቅስ ይችላል። ምናልባት አባቱ ወይም አያቱ በሞቱ ጊዜ ዕንባውን የከለከሉት ልጅ ነው፤ ዛሬ በጫጩቷ በር በኩል ያ የቈየው ኀዘን ወጥቶአል። እንዲህ ያለውን ልጅ ስለ ጫጩቷ ሳይሆን ስለዚያ ስለ ቀደመው እናነጋግረው።

ማጠቃለያ

ሁሉ ነገር ልክ አለው። ለጫጩት ሠልስትና ተዝካር አይወጣም፤ ለሰው የሚገባውን ሥርዓት ለእንስሳ ማድረግ ሰውንም እንስሳውንም ስፍራቸውን ማሳት ነው። ነገር ግን ልክ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። የትንሽ ኀዘን ልኩ ትንሽ ነው እንጂ ምንም አይደለም። ግማሽ ሰዓት ከልጁ አጠገብ መቀመጥ፥ አንድ ትንሽ ጕድጓድ፥ አንድ እውነተኛ ቃል፥ አንድ «አብሽር» ይበቃዋል።

ዛሬ ስለ ጫጩት የሚያለቅሰው ልጅ ነገ የጎረቤት ልቅሶ የሚደርስ፥ እድር የሚቆምና ሬሳ የሚሸከም ሰው ነው። ዛሬ መዝጊያ የሳበው ልጅም ነገ መጥረቢያ የሚይዝ፥ ጕድጓድ የሚቈፍር፥ መኪና የሚነዳ ነው። አንደኛው ማዘንን፥ ሁለተኛው ጥንቃቄንና ይቅርታን የሚማሩት ከዚች ከታናሿ ነገር ነው። ስለዚህ ለታናሽ እንስሳ ማዘን ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያዘነውን ልጅ ብቻውን መተው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ናታን ለዳዊት ስለ በጊቱ በነገረው ምሳሌ ውስጥ ድኻው ከበጊቱ ጋር የነበረውን ዝምድና የሚያሳዩት ነገሮች ምን ምን ናቸው?

2. በመጥረቢያው ብረት፥ ባልተከደነው ጕድጓድና በክፋት መካከል ያለውን ልዩነት በሰፈራችሁ ከሚሆነው ነገር ምሳሌ እያመጣችሁ አስረዱ።

3. ታናሽ እኅትህ ወይም ወንድምሽ «ድመቷ የት ሄደች?» ብለው ቢጠይቁ ምን ትመልሳላችሁ?

4. በቤታችሁ ያልተከደነ ጕድጓድ አለን? እስከሚመጣው እሑድ ድረስ ተመልክታችሁ የከደናችሁትን ለጓደኞቻችሁ ንገሩ።